«ልጄ አይገባውም» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የምናወራው ስለ ትናንሽ ልጆቻችን ነው። መነሻዬ የራሴ ጥፋት ስለሆነ በሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስጂዳችን መድረሳ ሕፃናት አስቀራ ነበር። ከመካከላቸው አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ሱረቱ ቁረይሽ ላይ ሁለት ሳምንት ቆመ። አራት አንቀጽ ብቻ ናት። እኩዮቹ ጨርሰው አለፉ። አንድ ቀን ትዕግስቴ አለቀና በጓደኞቹ ፊት «አንተ ደደብ ነህ እንዴ?» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። እናቱ መጥታ «ኡስታዝ፣ መድረሳ ሂድ ስለው ሆዴን አመመኝ ይላል» አለችኝ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በር ላይ ተዘበራርቆ የሚከመረውን የአርባ ልጆች ጫማ ጥንድ ጥንዱን ገጥሞ ለየባለቤቱ የሚያድለው ይኸው ልጅ ነበር። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እኔ ግን ይህን እንደ ችሎታ ቆጥሬው አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሀዋርድ ጋርድነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር የሰው ብልህነት አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ነው ሲል ጻፈ። ቋንቋና ስሌት ብቻ ሳይሆን ዜማ፣ የአካል ቅልጥፍና፣ ቦታንና ምስልን መያዝ፣ ሰውን መረዳት፣ ራስን ማወቅም ብልህነት ናቸው አለ። ብዙ ምሁራን ማስረጃው በቂ አይደለም ብለው ይከራከሩታል። ክርክሩን ለነሱ እንተወው። ልጆች ግን በአንድ መስፈሪያ እንደማይሰፈሩ ለማወቅ እኛ 1983ን መጠበቅ አልነበረብንም።

ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ተመልከቱ። አዛንን በሕልሙ ያየው ዐብደላህ ኢብኑ ዘይድ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁ ያማረው ቢላል ስለነበር እንዲያሰማ የታዘዘው ቢላል ነው። የአይሁዶችን ጽሑፍ እንዲማር የተመረጠው ወጣቱ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት ነው፤ ግማሽ ወር ሳይሞላው ቻለው። አቡ ዘር ደግሞ በዒባዳና በእውነተኛነት የታወቁ ሰሐባ ናቸው፤ ሆኖም ሹመት ሲጠይቁ ለዚያ ደካማ መሆናቸው በግልጽ ተነገራቸው። ይህ ደረጃቸውን አላወረደውም። (ረዲየላሁ ዐንሁም።)

በ751 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢብኑል ቀይም ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በጻፉት «ቱሕፈቱል መውዱድ» በተባለው ኪታባቸው፣ አባት ልጁ ለምን እንደተዘጋጀ አስተውሎ ሸሪዓ እስከፈቀደ ድረስ ወደዚያው እንዲመራው ይመክራሉ። ለዕውቀት የተዘጋጀውን ለዕውቀት፣ ለፈረስና ለቀስት ያደላውን ለዚያ፣ እጁ ለሙያ የተፈታውን ለሙያ።

እኛስ? ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ካርዱን ይዞ ሲመጣ የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን ነው። ገና የአምስት ዓመት ልጅ እኮ ነው! ያውም ከታላቅ እህቱ ጋር እያወዳደርን። ስሙን አክባሪ ቤተሰብ «ይሄ ሰነፍ» የሚል ሁለተኛ ስም ያወጣለታል። ልጁም ያምነዋል።

እዚህ ላይ አደራ፣ የምለው በትክክል ይያዝልኝ። ፋቲሓ የከበደው ልጅ ፋቲሓ ይቅርበት አላልኩም። ያለሷ ሶላት የለም። «ይሄ የእጅ ሥራ ልጅ ነው» ብሎ ደብተሩን መንጠቅም ሌላ ዓይነት ስድብ ነው። ስድስት ዓመት ላይ የታየ ዝንባሌ አሥር ዓመት ላይ ሊለወጥ ይችላል። መንገዱ ይለያይ ነው የምለው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቤታቸው ሄድኩና እናቱ ባለችበት «አውፍ በለኝ» አልኩት። መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ። ሲመለስ ሱራዋን ከማስደገሜ በፊት ግቢው ውስጥ አፈር ላይ በእንጨት መስመር አሰመርኩለት፤ መካን መሀል አድርጌ፣ የቁረይሽ ነጋዴዎች በብርድ ወራት ወደ የመን፣ በበጋ ወደ ሻም የሚሄዱበትን። «ግመሎቹ የት ያድራሉ?» እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ። በአራተኛው ቀን ሱራዋን ሳይሳሳት ቀራት።

ቀጥሎ ሱረቱል ፊል ላይ ደረስን። የየመኑ የሐበሻ ገዢ አብረሃ ካዕባን ሊያፈርስ ዝሆን ይዞ መዝመቱን ስነግራቸው፣ እንጨቱን ከእጄ ወሰደና «ኡስታዝ፣ ይሄማ የነጋዴዎቹ መንገድ ነው፤ ተገልብጦ መጣ» አለኝ።