ኅዳር መጨረሻ ላይ እንጦጦን ስንወጣ

(አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር በጉዞ ዋዜማ ለተፈጥሮ ክበብ አባላት ያደረጉት ንግግር)

እስቲ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ማይክራፎኑ ዛሬም አኩርፏል፤ እኔ ደግሞ መጮህ አልወድም።

እንግዲህ ቅዳሜ እንጦጦ እንወጣለን። አንዳንዶቻችሁ «እንጦጦ ደግሞ ተራራ ሆኖ ነው?» እያላችሁ ስትሳሳቁ ሰምቻለሁ። ልክ ናችሁ፣ ራስ ዳሸን አይደለም። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ታክሲ ይወጣዋል፣ አህያም ይወጣዋል። ግን ትንሽ ተራራ ሰውን የሚያታልለው ትንሽ በመሆኑ ነው። ወደ ትልቅ ተራራ የሚሄድ ሰው ይጠይቃል፣ ይዘጋጃል፣ ትንሽም ቢሆን ይፈራል። ወደ ትንሹ የሚሄደው በነጠላ ጫማና በአንድ ጠርሙስ ሚሪንዳ ብድግ ይላል።

«ለምን በኅዳር?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጉሙም የጓደኛህን ጀርባ አያሳይህም። በጋው ሲገፋ ደግሞ አቧራው ያፍናል። አሁን መጸው ሊያልቅ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ መሬቱም ጠንክሯል። ጫፍ ላይ ሆናችሁ በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ ስትመለከቱ ሜዳው ቢጫ ሆኖ፣ ድርቆሹ ተከምሮ ታዩታላችሁ። በደቡብ ከተማችን ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታለች። ቀኑ ከጠራ በወዲያ በኩል የረር፣ ራቅ ብሎም ዝቋላ ይታያሉ።

ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ኅዳር 12፣ እዚያ ብንሆን ኖሮ ግን ከተማዋን የምናያት በጭስ ተሸፍና ነበር። «ኅዳር ሲታጠን» እያልን በየሰፈሩ ቆሻሻ የምናቃጥለው ከምን እንደመጣ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ሰዉ «የኅዳር በሽታ» አለው። ልማዱ ከዚያ ወዲህ ነው። እርግጥ በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ እንጂ ከቆሻሻ የሚነሳ አልነበረም፤ ጭሱም ቫይረሱን አይገድልም። የላስቲክ ጭስ እንዲያውም አስም ያለበትን ልጅ ለሳምንት ያስላል። እኔ ከልማዱ መጥረጉን አስቀርቼ ማቃጠሉን ብተው ደስ ይለኛል። ይህ እንግዲህ የግል አስተያየቴ ነው፤ እናቶቻችሁ እንዳይቆጡኝ።

ወደ ተራራው እንመለስ። አፄ ምኒልክ ከተማቸውን መጀመሪያ የቆረቆሩት እዚያ ላይ ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ታዲያ ለምን ወረዱ? ከላይ ሲታይ ጠላት አያመልጥም፣ ለምሽግ ግሩም ነው፤ ለኑሮ ግን ብርድና ነፋስ ነው፣ ማገዶም ያልቃል። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ከታች ቤት ተሠራ፣ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። አዲሲቱ ከተማም ብትሆን ማገዶ ጨርሳ ልትፈታ ምንም አልቀራት፤ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ተጀምሮ ነበር። ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም እንደገና ያቆጠቁጣል። ቅዳሜ የምንሄደው አብዛኛውን በእሱ መካከል ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የደረቀው ቅጠል ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሁለተኛ፣ ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች። ስለዚህ ቡና እናፍላ፣ በቆሎ እንጥበስ የሚባል ነገር የለም። ሲጋራ የሚያጨስ ተማሪ እንደሌለንም አምናለሁ። (ሳቅ) ምን ያስቃችኋል?

ጫፉ ላይ ስንደርስ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውን አሳያችኋለሁ። ለዓይን ምንም አይደለም፤ ተራ ሸንተረር ነው። ግን በደቡብ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ አቃቂ ይገባል፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ። አዋሽ ባሕር አያይም፤ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በሰሜን የወረደው ሙገርን ተከትሎ ዓባይ ይገባል፤ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ በተመረቀው ግድባችን አልፎ ሱዳንን፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በአንድ እግራችሁ አዋሽን፣ በሌላው ዓባይን ረግጣችሁ ትቆማላችሁ ማለት ነው። ፎቶ መነሳት የምትወዱ እዚያ ተነሱ፤ ገደል አፋፍ ላይ ሳይሆን።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልግባ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንተነፍሰው አየር ከጅቡቲ ወደብ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ልዩነቱ ለተቀመጠ ሰው አይታወቅም፣ ለሚወጣ ሰው ግን ይታወቃል። ብርዱም አለ፤ ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየሺህ ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። «ኃይሌ ገብረሥላሴ እዚያ ይሮጥ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ሲሠለጥንበት ኖሯል። ግን የሯጭ ደም የሚለወጠው በሳምንታትና በወራት ነው፤ የእኛ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ አይለወጥም።

በእንዲህ ያለ ጉዞ ሁልጊዜ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ጉልበታሞቹ ከፊት ይፈተለካሉ። ሃያ ደቂቃ ይሄዱና ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይቀልዳሉ። የመጨረሻዋ ልጅ ላብ በላብ ሆና ስትደርስ «ይኸው መጣች፣ በሉ እንሂድ!» ብለው ይነሳሉ። አያችሁት? ዕረፍት የማያስፈልጋቸው ሩብ ሰዓት አርፈዋል፤ የሚያስፈልጋት ልጅ አንድ ደቂቃ አላረፈችም። ይህ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ልጅቷ ሼም ይይዛትና «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» ትላለች። እነሱም ደግነት መስሏቸው «እሺ በቃ» ብለው ይሄዳሉ። ጫካ ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻዋን ቀረች። ወንድ ልጅ ቢሆንም ያው ነው፤ እንዲያውም ወንድ ልጅ ደከመኝ ለማለት የባሰ ሼም ይይዘዋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ከፊት የሚሄደው ከሁሉም ቀስ የሚለው ነው። እሱን የሚቀድም የለም። ፈጣኖቹ ከኋላ ትሆናላችሁ፤ የጋራውን ምግብና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑንም የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ፣ ጉልበት ተርፏችሁ የለ? ማንም ብቻውን አይጠብቅም፣ ማንም ብቻውን አይመለስም። አንድ ሰው መመለስ ካለበት አንድ መምህርና አንድ ጓደኛ አብረውት ይመለሳሉ። ጉዞው የተበላሸበት እንዳይመስለው ደግሞ ማንም ፊቱን አያጠቁርበት።

ሌላው፣ በጸጥታ አድምጡኝ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አስም ያለበት አለ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ ልቡ የተጎዳ ሊኖር ይችላል፤ በአገራችን ብዙ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት አለ። በየቀኑ በሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድ አለ። ይህን ለክፍል ጓደኞቻችሁ የመንገር ግዴታ የለባችሁም። ለእኔም ቢሆን የበሽታውን ስም አልጠይቅም። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። «ሽርሽር ነው፣ አንድ ቀን ቢዘለል ምን አለበት» ብላችሁ፣ ወይም ሰው እንዳያየኝ ብላችሁ፣ መድኃኒታችሁን ቤት እንዳትተዉ። ሁለተኛ፣ አብረውን ከሚሄዱት መምህራን ለምታምኑት ለአንዱ «መድኃኒት አለኝ፣ በዚህ ኪሴ ነው» በሉት፤ ይኸው ነው። የአስም መድኃኒት በራሳችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ሌላ ልጅ በተሸከመው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ልጁ ሃምሳ ሜትር ከቀደማችሁ እንደሌለ ቁጠሩት። የሰው ቦርሳ መበርበር ክልክል ነው፤ በቀልድም ቢሆን። አንድ ልጅ ዞር ብሎ የሆነ ነገር ሲውጥ ካያችሁ፣ ውሃ አቀብሉትና ወሬያችሁን ቀጥሉ።

እህቶቼ፣ የወር አበባ ላይ ከሆናችሁ ከጉዞው መቅረት የለባችሁም። ሞዴስ በመምህርቷ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል፤ ምክንያት ሳትናገሩ «ቦርሳውን» በሏት፣ ይገባታል።

ስለ ጥንዶችም አንድ ነገር። «ነይ አደይ አበባ ላሳይሽ» ብሎ ከመንገድ ወጣ የሚያደርግ ጎረምሳ ካለ፣ አደይ አበባ እስከ ኅዳር መጨረሻ አይቆይም፤ ረግፏል! (ሳቅ) ጂኦግራፊ የተማረች ልጅ አትሸወድም። አልመጣም ያለችን ደግሞ የሚጎትት ካለ ጉዞው ለእሱ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ቤተሰቡም ይጠራል።

መንገድ ላይ የምታገኟቸው ሰዎች አሉ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና እህቶች ታያላችሁ፤ ጎህ ሳይቀድ የወጡ ናቸው፤ ሸክሙ ወገባቸውን አጉብጦታል። መንገዱ የእነሱ ነው። ጥጋችሁን ያዙና አሳልፏቸው፤ ካሜራ አታውጡ። በማርያም በኩል ደግሞ ለጸበል የሚወጡ ሕሙማን አሉ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ከየክፍለ አገሩ መጥተው እዚያ ሲሰነብቱ ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ «ጸበል ወይስ መድኃኒት?» የሚል ጭንቀት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደማይጋጭ በይፋ ተናግረው ብዙ ሰው እፎይ ብሏል። እናንተ ሰላምታ ሰጥታችሁ ማለፍ ነው። «ምንዎትን አመመዎት?» ተብሎ አይጠየቅም።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰዓት ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። በአገራችን ደግሞ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ነው የሚመጣው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሰጥም። ጫካ ውስጥ ከዚያም ይቀድማል፤ ጅቡም ያን ሰዓት ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ የትም ብንሆን፣ ጫፉ መቶ እርምጃ ቢቀረንም እንኳ፣ እንመለሳለን። «ቲቸር፣ በቃ አሥር ደቂቃ ብቻ» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴን አሁኑኑ ሰምታችኋል። መውረድም ድካም አለው፤ ጉልበት የሚንቀጠቀጠውና ቁርጭምጭሚት የሚዞረው ሲወርዱ ነው።

የምትይዙት፦ ሁለት ሊትር ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ። ጫማ ሸራ ይበቃል፤ ለጉዞው ብላችሁ አዲስ እንዳትገዙ፣ አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል። ባዶ ጠርሙስና ላስቲክ ተመልሶ ከእናንተ ጋር ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ እዚያ የሚጠርግ ሠራተኛ አለ፤ እኛ በምንሄድበት ግን የለም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በትምህርት ቤቱ በር። እስከ ሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። ወላጅ ያልፈረመበት ወረቀት ይዞ የሚመጣ አይሄድም፤ ራሳችሁ የፈረማችሁትን ደግሞ ፊደላችሁን ስለማውቀው አትልፉ።

ጥያቄ ያለው? አንተ፣ ከኋላ፣ እጅህን ያወጣኸው፤ ተነስና ጮክ በል።