አባባ፥ ፈቀቅ ይበሉልን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ፎቶግራፍ አነሣሥ ጥቂት እንድንናገር በጠየቁን ጊዜ፥ ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ የምናውቀውን ያህል ተናግረን ለመቀመጥ አስበን ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለሕዝብ ካሳየናቸው 12 ፎቶግራፎች በአንዱ ምክንያት የደረሰብንን ነገር ብዙዎቻችሁ በከፊል ሰምታችኋል። በከፊል የተሰማ ነገር ሲዞር ስለሚጣመም፥ ራሳችን ብንነግራችሁ ይሻላል ብለናል።

ፎቶግራፎቹ የዓድዋ ድል በሚከበርበት በየካቲት 23 ቀን የዘማቾችን ልብስ ለብሰው አዲስ አበባ ምኒልክ አደባባይ የወጡ ሰዎች ናቸው። ጎፈር የደፋ፥ ለምድ የደረበ፥ ጋሻና ጦር የያዘ፥ ዝናር የታጠቀ፥ በእግሩም በፈረሱም የመጣ ብዙ ሰው ነበር። የምኒልክ ሐውልት ራሱ መከራ አይቷል፤ በ1923 ዓ.ም. ቆመ፥ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ ተቀበረ፥ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ በስፍራው ተተከለ። በአቅራቢያውም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ተከፍቷል። ለፎቶግራፍ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታና ከዚህ የተሻለ ቀን የሚገኝ አይመስለንም።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ለማንሣት ይመቻል፤ ሰው የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። 4 ሰዓት ካለፈ ፀሐይ ከላይ ትወርድና ጎፈር የደፋ ሰው ዐይኑ በጥላ ይዋጣል፤ የሚታየው አፍንጫና ጢም ብቻ ይሆናል። ብርሃን የሚመልስ ዕቃ የምንገዛበት ገንዘብ ስላልነበረን፥ ከመካከላችን አንዷ ነጠላዋን አጥፋ ከሰውዬው ደረት በታች ዘርግታ ያዘችልን። ከነጠላው የተመለሰው ብርሃን ዐይኖቹን አወጣቸው። ይህን ዘዴ ለማንም እንመክራለን፤ ጥለቱን ግን ወደ ውስጥ ማጠፍ ያስፈልጋል፥ አለዚያ የሰው አገጭ ቀይና አረንጓዴ ይሆናል። እኛ ይህን ያወቅነው ሦስት ሰዎች ካበላሸን በኋላ ነው።

አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ፊታቸውን ወደ ጎን እንዲያዞሩልን ብንለምናቸው፥ «እንደ ጣሊያን ልታነሡኝ ነው?» ብለው ሣቁብን። በመጀመሪያ አልገባንም። በኋላ ግን የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን የአገራችንን ሥዕሎች አስታወስን። በእነዚያ ሥዕሎች ሠዓሊው የወገንን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዐይኑ፥ ጠላትን ግን በጎኑ በአንድ ዐይን ይሥለዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከላይ በፈረሱ ሆኖ ይታያል። ከውጭ አገር መጻሕፍት የጎን ፊት ክብርን ይገልጻል ብለን የተማርነውን ትምህርት ሽማግሌው በአንድ ቃል አፈረሱት። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ፊት ለፊት አነሣን።

ሌላው ያስቸገረን ፉከራው ነው። ካሜራው ከፍ ሲል ጦሩም አብሮ ይነሣል፥ ቅንድብ ይሰበሰባል። ሰውዬው ፎክሮ ሲጨርስ ትንፋሹን የሚሰበስብበት አፍታ አለ። እውነተኛው ፊት ያ ነው ብለን ስላመንን፥ ያቺን አፍታ ስንጠብቅ ዋልን። ዛሬ እርግጠኞች አይደለንም። አንድ ወጣት ፎቶግራፉን ባሳየነው ጊዜ፥ «እኔ የመጣሁት ልፎክር ነበር፤ እናንተ ሲደክመኝ ጠብቃችሁ አነሣችሁኝ» አለን። የምንመልስለት አጣን።

በዚያ ቀን እንደ እቴጌ ጣይቱ ካባ ደርባና ዘውድ ደፍታ የመጣች ወይዘሮ ነበረች። ፎቶግራፍ አንሺው ሁሉ ከበባት፤ እኛም ተጋፍተን ከበብናት። ከእርሷ ራቅ ብላ እንስራ ያዘለች ሴት ብቻዋን ቆማ ነበር። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቅቆ የወጣው ውኃው ስለ ተያዘበት ነው፤ ምክሩም የእቴጌይቱ እንደ ነበረ ይነገራል። ከዘማቹ ጋራ ሄደው ስንቅ ያዘጋጁትና ውኃ ያመላለሱት ሴቶች ግን ስማቸው አልተጻፈም። እንስራ ያዘለችው ሴት ከሁላችንም የተሻለ አስባ እንደ መጣች የገባን ማታ ቤት ተቀምጠን ስንጨዋወት ነው። አንድም ፎቶግራፍ አላነሣናትም።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የሠሩትን የመሰለ ነገር ለማሳየት ተመኘን። ስለዚህ የፎቶግራፎቹን ቀለም አጥፍተን ቡናማ አደረግናቸው። በአንዱ ሰው ክንድ ላይ የእጅ ሰዓት ይታይ ነበር፤ በኮምፒዩተር ፋቅነው። የሌላው ጎፈር ከሰው ሠራሽ ጠጉር የተሠራ ስለ ነበረ፥ እንዳይታወቅ ጥላውን አከበድነው። ሌላው ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለተደረገው ተጋድሎ የተሰጠ ሜዳይ ደረቱ ላይ ሰክቶ ነበር። ከዓድዋ ልብስ ጋራ አይሄድም ብለን ፎቶግራፉን ከሜዳዩ በላይ ቆረጥነው። ሜዳዩ የአባቱ ይሁን የእናቱ እንኳ አልጠየቅነውም። በመጨረሻም ከየሥራቸው «የዓድዋ ጀግና»፥ «የጥቁር አንበሳ ዐይን»፥ ይህን የመሰለ ቃል ጻፍንባቸው። የማንንም ስም አልጻፍንም፤ ስም ሲገባ ሥዕሉ መታወቂያ ወረቀት ይመስላል እየተባባልን ነበር።

ትርኢቱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው መጡ። እነዚያው «እንደ ጣሊያን» ያሉን ናቸው። ግራጫ ኮት ለብሰው፥ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፥ ከትልቁ ፎቶግራፍ ፊት ቆሙ። ፎቶግራፉ የእርሳቸው ነው። በዚህ መካከል አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ፥ «አባባ፥ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ጀግናውን ላንሣው» አላቸው። ሽማግሌውም ምንም ሳይናገሩ ፈቀቅ አሉለት። ወጣቱ አንሥቶ አመስግኖ ሄደ። እኛ ከበሩ አጠገብ ቆመን ይህን ሁሉ አይተናል፤ ከመካከላችን ሮጦ «ጀግናው እኮ እርሳቸው ናቸው» ያለ አልነበረም። ለምን እንዳላልን እስከ ዛሬ እንከራከራለን። አንዳንዶቻችን ደነገጥን ይላሉ። አንዱ ግን፥ «እውነቱን ለመናገር የፎቶግራፉ ውበት እንዳይፈርስ ፈራሁ» ብሏል፤ ለእውነት የሚቀርበው ይህ ይመስለናል።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኛ መጥተው፥ «በ1888 የዘመተ ሰው ዛሬ ቢኖር መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔን ያን ያህል አስረጃችሁኝ?» አሉን። ቀልድ መስሎን ሣቅን። እርሳቸው ግን አልሣቁም። «የዘመቱት አያቴ ናቸው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ለምድ በእጄ ሰፍቼዋለሁ፤ በየዓመቱ የምለብሰውም እርሳቸውን ለማስታወስ ነው። እናንተ እርሳቸውን አላነሣችሁ፥ እኔን አልጻፋችሁ፤ ታዲያ ይህ የተሰቀለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን።

ጥያቄያቸው በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዳሩ ግን ወጣቱ ያነሣው ፎቶግራፍ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፥ በሳምንቱ «በ1888 የተነሣ የዓድዋ ዘማች እውነተኛ ፎቶግራፍ» ተብሎ ተመልሶ ደረሰን። አሜሪካን አገር የምትኖር ልጃቸው ሳትቀር አይታው፥ «አባዬን ማን ነው ታሪክ ያደረገው?» ብላ ደውላለች። ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ነው ብለን ማምለጥ አንችልም። ቡናማውን ቀለም የቀባነው እኛ ነን፤ ሰዓቱን የፋቅነው እኛ ነን። ለቦያጂያን ያ ቀለም የዘመኑ የእጅ ሥራ ነበር፤ ለእኛ ግን ሰውን ማሳሳቻ ሆነ። ስለ ዓድዋ የሚጽፍ የነገ ተማሪ ያን ሥዕል ለማስረጃ ቢያቀርበው ጥፋቱ የማን ይሆናል?

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ሲሰሙ አንድ ሥዕል አሳዩን። ኤድዋርድ ከርቲስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1930 ድረስ ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች 20 ቅጽ መጽሐፍ ያሳተመ ትልቅ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ሁለት የፒገን ሰዎች በድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸውም ሰዓት አለ። በታተመው ሥዕል ላይ ግን ሰዓቱ የለም፤ ተፍቋል። ሰዎቹ የሌላ ዘመን ሰዎች እንዲመስሉ ሰዓታቸው ተወሰደባቸው። እኛም ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በገዛ አገራችን ሰው ላይ፥ ያንኑ አደረግን። ከርቲስ እንኳ እንግዳ ሰው ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ እነዚያኑ 12 ሥዕሎች እንደ ገና አቀረብናቸው። ቀለማቸውን መለስን፤ የእጅ ሰዓቱም፥ ሜዳዩም፥ ሰው ሠራሹ ጠጉርም ተመለሰ። ከየሥራቸውም የሰውየውን ስም፥ የሚተዳደርበትን ሥራ፥ ልብሱን ከየት እንዳገኘና ስለ ማን እንደሚለብሰው፥ ባለቤቱ በነገረን ቃል ጻፍን። የሽማግሌው ስም በፎቶግራፋቸው ሥር አለ፤ በዚህ ንግግር ለማንሣት ግን ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅን አላነሣነውም። ባለ ሜዳዩን ፈልገን ብናገኘው፥ ሜዳዩ የእናቱ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛውን ትርኢት ያየው ሰው ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር። አንድ የምናከብራቸው መምህር፥ «ጀግናውን ወደ ልብስ ሰፊነት አወረዳችሁት፤ ሕዝብ አንዳንድ ጊዜ ስም የሌለው ጀግና ያስፈልገዋል» ብለው ወቅሰውናል። ነገሩን ቀለል አድርገን አናየውም፤ ስም የሌለው ወታደር ሐውልት የሚሠራበት ምክንያት አለና። ቢሆንም ስም የሌለው የሞተው ሰው ነው እንጂ፥ ፊታችን ቆሞ ስሜን ጻፉልኝ የሚለው ሰው አይደለም። መምህሩ እዚህ አሉ፤ ከንግግሩ በኋላ ሊመልሱልን ይችላሉ።

ለመጪው የካቲት 23 ነጠላ የሚይዙልንና የሰዎቹን ቃል የሚጽፉልን አራት ተማሪዎች እንፈልጋለን። ካለፈው ዓመት 12 ሰዎች መካከል ለሦስቱ ፎቶግራፋቸውን ገና አላደረስንም፤ አድራሻቸውን በደንብ አልጻፍነውም ነበር። እንስራ ያዘለችውን ሴት የሚያውቅ ቢኖርም ከመውጣቱ በፊት ይንገረን።