ከመብራቱ በፊት ማገዶው

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር በማይደርስበት ደን ውስጥ የሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ ተፈጥሮን ሳይጎዳ እንዴት ሊተዳደር እንደሚችል የሚመለከት ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ፀሐይ ኀይል፣ ስለ ባትሪና ስለ ትንንሽ ተርባይኖች እንደምናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ስለ እነርሱም የምለው አለኝ። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የማገዶን ነገር ነው፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ በሥራዬ ላይ የረሳሁት እርሱን ነበር።

ጉዳዩ የሚነሣበትን ቦታ በዐይነ ኅሊናችን እንድናየው ሐረናን በምሳሌነት ልውሰድ። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቲን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርዳም ሜዳ ወርዶ በመጀመሪያ ወደ አስታው፣ ቀጥሎ ወደ ኮሶውና ወደ ቀርከሃው፣ በመጨረሻም የዱር ቡና ወደሚበቅልበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ያስገባል። የዚህ ደን ሰፊ ክፍል በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ሲሆን፣ ፓርኩም በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የከፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዝና በተሰማ ቁጥር ጎብኚ ይመጣል፤ ጎብኚ በመጣ ቁጥር አልጋ ይፈለጋል፤ አልጋው በተዘረጋበትም ሁሉ መብራት፣ ሙቅ ውሃና ትኩስ እንጀራ ይጠየቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 8 ክፍሎች ላሉት አንድ የደን ውስጥ ማረፊያ የኀይል ጥናት እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። ጥናቱን የሠራሁት እኔ በመሆኔ ጥፋቱም የእኔ ነውና የማረፊያውን ስም መጥቀስ አያስፈልገኝም። በየክፍሉ 3 አምፖል፣ እያንዳንዱ 5 ዋት፣ በየምሽቱ ለ5 ሰዓት ቢበራ 600 ዋት ሰዓት ይሆናል ብዬ አሰላሁ። ለመመገቢያ አዳራሹ፣ ለወጥ ቤቱና ለመተላለፊያው መብራት 400 ጨመርሁ። ለማቀዝቀዣው 1,000፣ ለስልክ መሙያና ለውሃ መሳቢያው ሌላ 1,000 ያዝሁ። ድምሩ በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። ለዚህ የሚበቃ የሶላር ሰሌዳና ባትሪ ተተከለ፤ በምረቃው ዕለትም ማረፊያው ከጭስና ከጄኔሬተር ጩኸት ነጻ መሆኑ ተነግሮ ተጨበጨበልን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለፍተሻ ስመለስ መሣሪያው ሁሉ እንደ ስሌቴ ሲሠራ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ይህንኑ ለግቢው ጥበቃ ስነግራቸው እኚህ አዛውንት ወደ ወጥ ቤቱ ጓሮ ወሰዱኝ። በዚያም በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ጥቁር በርሜልና ከቁመቴ በላይ የተከመረ ማገዶ ነበር። «ኢንጂነር፣ መብራቱስ እግዜር ይስጥልን፣ አንድ ቀን አልጠፋም» አሉኝ። «ማገዶው ነው እንጂ የራቀብን። እርስዎ የመጡ ጊዜ ከዚህ ከአጥሩ ሥር ይለቀም ነበር። አሁን ሴቶቹ በማለዳ ወጥተው ቀትር ላይ ነው የሚመለሱት።»

በዚያ ምሽት በተከልሁት መብራት ሥር ተቀምጬ ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። አንድ እንግዳ ገላውን ለመታጠብ 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል እንበል። ከምንጩ በ15 ዲግሪ የመጣውን ይህን ውሃ ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የአንድ ሰው አንድ ጊዜ መታጠብ፣ አንዱን አምፖል ከ46 ምሽት በላይ ሊያበራ የሚችል ኀይል ይወስዳል ማለት ነው። ማረፊያው ሞልቶ 16 እንግዶች ባደሩበት ቀን የመታጠቢያው ሙቀት ብቻ ከ18 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል፤ ይኸውም እኔ በጥናቴ ከመዘገብሁት ጠቅላላ ፍጆታ 6 እጥፍ ነው። የለካሁት ትንሹን ክፍል ነበር፤ ትልቁን ደን ሲሸከመው ኖሯል።

ይህን ወደ ማገዶ ስንመልሰው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። አየር ላይ የደረቀ አንድ ኪሎግራም እንጨት ወደ 15 ሜጋጁል የሚደርስ ሙቀት አለው። በክፍት ጉልቻ ላይ ግን ከዚህ ውስጥ ወደ ውሃው የሚገባው ከመቶ 12 ያህሉ ቢሆን ነው፤ የቀረው ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ እንግዳ መታጠቢያ 2.3 ኪሎግራም፣ ለ16 እንግዶች 37 ኪሎግራም ማገዶ ይነዳል። ማረፊያው በዓመት ለ180 ቀን ብቻ ቢሞላ እንኳ ለመታጠቢያ ብቻ ከ6 ቶን ተኩል በላይ እንጨት ማለት ነው። የእንጀራው፣ የወጡና የአንሶላ ማጠቢያው ገና አልተቆጠረም።

ከዚህ የተነሣ በደን ውስጥ ለሚሠራ ማረፊያ የመጀመሪያው ሥራ ኀይል ማመንጨት ሳይሆን ሙቀትን መቁጠርና መቀነስ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙቀት ሲፈለግም በቅድሚያ ከፀሐይ በቀጥታ መወሰድ ይኖርበታል። የሶላር ሰሌዳ ከሚያርፍበት የፀሐይ ኀይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ሲሆን፣ በጣራ ላይ የሚቀመጥ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ግን ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ሊያስገባ ይችላል። ደመና በሚበዛበት የደጋ ደን በቀን በካሬ ሜትር 4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ቢገኝ እንኳ 10 ካሬ ሜትር ማሞቂያ ለ16ቱ እንግዶች ይበቃል። ፀሐይ በጠፋባቸው የዝናብ ቀኖች የማገዶ ማሞቂያ አስፈላጊነቱ አይቀርም፤ ሆኖም እሳቱ በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ነዶ፣ በርሜሉም ሙቀት እንዳያመልጥ ተሸፍኖ፣ ወደ ውሃው የሚገባው ሙቀት ከመቶ 12 ወደ 40 ከፍ ቢል የሚነደው እንጨት ከሲሶ በታች ይወርዳል።

የእንጀራው ነገር ለብቻው ሊታሰብ ይገባል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ እንዲህ ያለ አነስተኛ የሶላር ተቋም ሊሸከመው አይችልም። ምርጥ በመባል የሚታወቀው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። አንዳንድ ባለቤቶች እንጀራውን ከመንደር እየገዙ «እኛ ማገዶ አንጠቀምም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገር ግን እሳቱን ከግቢ ማስወጣት ደኑን ማዳን አይደለም። እንጀራውን መግዛቱ መልካም ነው፤ ምድጃውን ግን ለጋጋሪዎቹ አብሮ ማቅረብ ተገቢ ነው።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ የደን ማረፊያ ከፀሐይ ሌላ የውሃም ዕድል ብዙ ጊዜ አለው። በሴኮንድ 30 ሊትር ውሃ ከ40 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ በቧንቧው፣ በተርባይኑና በጄኔሬተሩ የሚባክነው ተቀንሶ 7 ኪሎዋት ያህል ይገኛል። ይህ ቀንና ሌሊት የማያቋርጥ በመሆኑ በቀን 168 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዳው ተኝቶ ሳለ የሚተርፈው ኀይል ወደ ውሃ ማሞቂያው ጋን ቢላክ ጠዋት ለመታጠቢያው ማገዶ አያስፈልግም። ፀሐይና ውሃ የሚደጋገፉበትም ሁኔታ አለ፤ ዝናብ ሲበዛ ፀሐዩ ይደክማል፣ ጅረቱ ይሞላል፤ በበጋ ጅረቱ ሲቀንስ ፀሐዩ ይበረታል። ይሁን እንጂ መሐንዲሱ ጅረቱን መለካት ያለበት በዝናቡ ወቅት ሳይሆን ድርቁ በጸናበት ወር ነው። በዚያም ወር ቢሆን ሁሉን ውሃ ወደ ቧንቧ ማስገባት አይገባም፤ በወራጁ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት ድርሻ አላቸው። ለሶላር ሰሌዳ ሲባል ዛፍ ቆርጦ ጥላ ማስወገድም የሥራውን ዓላማ ማፍረስ ነው። ሰሌዳውን ቀድሞ በተገኘ ገላጣ ሥፍራ አስቀምጦ ሽቦውን ማርዘም ይሻላል።

ስለ ፍሳሽና ስለ ቆሻሻም ጥቂት ልበል። የደን ውሃ የሚጠጣው በደኑ ውስጥ ባለው ብቻ አይደለም። ከሐረና የሚወርደው ወልመል ወደ ገናሌ የሚገባ ወንዝ ሲሆን በታችኛው ቆላ ሰውና ከብት ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የወጥ ቤት ፍሳሽ በቅድሚያ ቅባቱ በሚንሳፈፍበት ጉድጓድ፣ ቀጥሎ ከመጸዳጃው ፍሳሽ ጋር በሴፕቲክ ታንክ፣ በመጨረሻም ቄጠማ በተተከለበት የጠጠር መደብ ማለፍ ይኖርበታል። የምግብ ትራፊ ደግሞ ተከድኖ ወደ ብስባሽነት ካልተለወጠ ውሻ ይጠራል። በባሌ አምባ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ሲገመት ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት እዚያው ነው። በ1984ና በ1996 ዓ.ም. የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታም ከቤት ውሾች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ክዳን የሌለው የቆሻሻ ጉድጓድ ለእኔ እንደ ተበላሸ ባትሪ የምሕንድስና ጉድለት ነው።

ወደ ማረፊያዬ ልመለስ። ባለቤቱ ስሌቱን አይተው የፀሐይ ማሞቂያውንና የተዘጋውን ምድጃ ለማስገባት ተስማሙ። ለእንግዶችም ሙቅ ውሃ በብዛት የሚገኘው ከቀትር በኋላ መሆኑ በትሕትና ተነገራቸው፤ በዚህ ምክንያት የተቀየመ እንግዳ መኖሩን አልሰማሁም። ያላሰብሁት ቅሬታ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነበር። ማገዶ ያቀርቡ የነበሩት ሴቶች ገቢያቸው ተቋረጠ። ከመካከላቸው አንዲት እናት «ደኑ ዳነ፤ እኛስ?» ብለው ጠየቁኝ። በስሌቴ ውስጥ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ማረፊያው ማርና አትክልት ከእነርሱ መግዛት ጀመረ፤ አንዳንዶቹም በችግኝ ጣቢያው ተቀጠሩ። ሁሉም ግን የቀድሞ ገቢያቸውን አላገኙም። ይህን ሳልናገር ሥራው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል ብል እዋሻችኋለሁ።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የገበታ ለሀገር መርሐ ግብር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ከለሙ ወዲህ ከከተማ ርቆ ማረፊያ የመሥራት ፍላጎት እየሰፋ መሄዱን ሁላችንም እናያለን። ጥናቱ ወደ እኛ ጠረጴዛ መምጣቱ የማይቀር ነው። ስለሆነም ማኅበራችንን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በደን ውስጥ ለሚሠራ ማረፊያ የሚቀርብ ማንኛውም የኀይል ጥናት ከመብራቱ አስቀድሞ የመታጠቢያውን፣ የምግቡንና የልብስ ማጠቢያውን ሙቀት እንዲመዘግብ አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ በየወጥ ቤቱ በር ሚዛን ይቀመጥና የሚገባው ማገዶ በየቀኑ ተመዝኖ ይጻፍ፤ ያልተመዘነ እንጨት ከየትም እንዳልመጣ ይቆጠራልና። ሦስተኛ፣ ጥናቱን የሠራው መሐንዲስ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ እንዲያይ በውሉ ውስጥ ይግባ።

ይህ ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። በምረቃው ዕለት ተጨብጭቦልኝ ብቀርና ባልመለስ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ያንን ማረፊያ በጎ ሥራዎቼ መካከል እቆጥረው ነበር። ስትመለሱም ከሰሌዳውና ከባትሪው አስቀድማችሁ የወጥ ቤቱን ጓሮ ተመልከቱ፤ ጥበቃውን፣ ምግብ አብሳዩዋንና እንጨት የሚያመጡትን ሴቶች ጠይቁ። እኔን ያረሙኝ እነርሱ ናቸው።