ከባሌስትራ የሚወጣ መሮ

(ከዚህ በታች የምናቀርበው በካምፓችን የሙያ ማሠልጠኛ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በአገር ቤት የቶርኖ ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ አሳጥረነዋል።)



ስለ ሙያዬ እንድናገር በመጋበዜ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ግን እንጀራ ስለበላሁበት የቶርኖ ሥራ ሳይሆን፣ ለገዛ ደስታዬ በጓሮዬ ስለምሠራው ነገር ነው። ጎረቤቶቼ «ካልሸጡት ለምን ይደክማሉ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ስውል ሐሳብ ይበዛብኛል።

በሌላው ዓለም ይህ የታወቀ ልማድ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ በቤታቸው ጓዳ አነስተኛ ቶርኖ ተክለው፣ ከሥራ መልስ ትንንሽ የእንፋሎት ሞተር የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ዴቪድ ጂንጀሪ የተባለ አሜሪካዊማ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባሳተማቸው ተከታታይ መጻሕፍት፣ ሰው በከሰል ምድጃ የወዳደቀ አሉሚኒየም አቅልጦ የራሱን ቶርኖ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። መጀመሪያ ምድጃው ይሠራል፣ ቀጥሎ ቶርኖው፤ ከዚያ በቶርኖው ሌሎቹ ማሽኖች ይሠራሉ። በእኔ ጓሮ ያለው ወናፍ፣ መዶሻ፣ ሞረድና አንድ አሮጌ ሞርሳ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ካለው ደረጃ ልጀምር፤ ከብረት መቁረጫ መሮ።

ለመሮ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ይበቃል። በፌሮ አትድከሙ፤ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ አግላችሁ ብትነክሩትም አይጠነክርም። ባሌስትራ ደግሞ እንዳለ በሴጌቶ አይበገርም። ፍም እስኪመስል አግሉና አመድ ውስጥ ቀብራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ለስልሶ ታገኙታላችሁ፤ ቆርጣችሁ በሞረድ ቅርጽ አስይዙት።

አሁን ማጠንከር ነው። ስለቱን ሁለት ጣት ያህል በከሰል ታግላላችሁ። መጠኑን እንዴት እናውቃለን? ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔቱን አውጡና በሽቦ አንጠልጥሉት። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ከዚያ ትንሽ ጨምራችሁ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ውኃ ይሰነጥቀዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሆናል፤ የራሽኑን የምግብ ዘይት ግን አደራ፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ይዛኛለች። ዘይቱ ሊነድ ስለሚችል ዕቃው ቆርቆሮ ይሁን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፤ ክዳንና አሸዋም አጠገባችሁ ይኑር። ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት ደግሞ ጭራሽ እሳት አታንሡ፤ ሰፈራችን ሸራና እንጨት ነው።

ከዘይቱ የወጣው መሮ እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ አንድ ጎኑን በድንጋይ ፈትጋችሁ አብሩትና ከኋላው በኩል በዝግታ አሙቁት። ቀለም እየሮጠ ወደ ስለቱ ሲመጣ ታያላችሁ፤ መጀመሪያ የገለባ መልክ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ወይን ጠጁ ስለቱ ላይ ሲደርስ ቶሎ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ገለባው ላይ ብታቆሙት ሲመታ ይሸረፋል፤ ሰማያዊውን ብታሳልፉት ይታጠፋል። ይህን ቀለም ለማየት ስል ብቻ ስንት መሮ እንደሠራሁ አልነግራችሁም።

የሚመታው ራስ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ መሆንም አለበት። በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል፤ ጠርዙም ይሰነጣጠቃል። ይህን ጠርዝ በየጊዜው በሞረድ ማንሳት ግዴታ ነው። እኔ አላነሣሁትም። ለጎረቤቴ የውኃ ጋሪ አንድ የዛገ ብሎን ስቆርጥ፣ «ይህን ልጨርስና እሞርደዋለሁ» አልኩ። ከራሱ የተፈነጠረች ስባሪ የግራ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ዛሬ በዚያ ዓይን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምለየው። መነጽሬ ከኋላዬ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ንግግር እሺ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከየቤቱ ኋላ ብረት የሚቀጠቅጡ ልጆች በዝተዋል፤ ደስ ይለኛል። ከእነሱ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ፊት ለፊት ቁጢጥ ብለው የሚያዩት ሕፃናት ናቸው። አርቋቸው። ዚንክ የተነከረ ቆርቆሮም እሳት ውስጥ አትክተቱ፤ ነጩ ጢስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። የተዘጋ በርሜል አታግሉ፤ ይፈነዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ አንድ ጎበዝ ልጅ፣ አባቱ ሲመጣ መዶሻውን ከጆንያ ሥር ሲደብቅ አየሁ። «ቀጥቃጭ» እንዳይባል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ልጁ ግን ዛሬም መዶሻ ይደብቃል። የእኔም እናት ቶርኖ መማሬን ለጎረቤት ስትናገር «ፋብሪካ ገባ» ብቻ ነበር የምትለው። አባቶች፣ ይህን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ጓሮዬ ወናፍ እነፋለሁ። የሚመጣ ሰው የባሌስትራ ቁራጭና ያገኘውን መነጽር ይዞ ይምጣ፤ ዘይቱን እኔ አዘጋጃለሁ። አሁን ይህን መሮ እየተቀባበላችሁ እዩት፤ ወይን ጠጁ ቀለም ከስለቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለቱን በጣት አትንኩ።