አያቴ ርስት ነበረው፤ አባቴ ድርሻ አለው፤ ወንድሜስ?

(አዲስ አበባ የምንኖር የኩልመስክና የአካባቢው ልጆች በተሰባሰብንበት ዕለት ያሰማሁት ንግግር ነው። ለኅትመት ሲባል በጥቂቱ አሳጥሬዋለሁ።)



“ላስታ ትናንትና ዛሬ” በሚል ርእስ ሩብ ሰዓት ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ዐሥራ አንዱን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናትና የአቡነ ዮሴፍን ተራራ እያነሣሣሁ ላስጨበጭባችሁ እችል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ከኩልመስክ ደወለልኝ። “ጋሼ፣ ደላላው ከሚፈልገው ብር ግማሹን አግኝቻለሁ፤ ግማሹን አንተ ሙላልኝ” አለኝ። ወዴት ልትሄድ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። የወሎ ልጅ “ደላላ” ካለ መንገዱ በጅቡቲ ነው፣ ከዚያ በጀልባ የመን ነው፣ ከዚያ ሳዑዲ ነው። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። እናም የዛሬው ንግግሬ ለእናንተም ለእሱም ነው።

እስቲ ከአያቴ ልጀምር። አያቴ ባላባት አልነበረም፤ ርስተኛ ገበሬ ነበር። መሬቱ እዚያም እዚህም የተበጣጠሰ ቢሆንም ከአባት ከእናት የወረደ ነው። ለጉልተኛው ይገብራል፣ አሥራት ያወጣል፣ የተረፈውን ገብስ ከልጆቹ ጋር ይበላል። ጉልት በ1958 ዓ.ም.፣ አሥራት ደግሞ በ1960 ዓ.ም. በአዋጅ ቀሩ ተባለ። ሸክሙስ በአዋጁ ልክ ቀለለ ወይ? የዚያን ዘመን ሰዎች እዚህ አላችሁ፤ እናንተ ፍረዱ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናቡ ቀረና ወሎ አለቀ። አያቴ ርስቱን እንደያዘ ተራበ። ጎተራው ባዶ ከሆነ ርስት አይቀቀልም! መንግሥት ደግሞ “ረሃብ የለም” እያለ ነገሩን ሸፋፈነው።

ቀጥሎ የአባቴ ዘመን መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። አባቴ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ እስኪደክመው እንደጨፈረ አሁንም ያወራልናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ጭሰኛ መባልን ያጠፋ ትልቅ አዋጅ ነው። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ይከለክላል። እኛ አካባቢ 10 ሄክታር ያለው ማን ነበርና! ከዚያስ? ከዚያማ 1977 መጣ። መሬት ለአራሹ በተባለ በዐሥረኛው ዓመት አራሹ እንደገና ተራበ። ቤተሰባችን ወደ ኮረም በእግሩ ተነሣ። አያቴ ከነሚስቱ ወጥቶ ብቻውን ደረሰ፤ እርሷ መንገድ ላይ ቀረች። አንዱ አጎቴ ወደ ፓዌ በሰፈራ ተወሰደ። በዚያ ዘመን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተጋዘው ሰው 600 ሺህ ያህል ነው።

ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ኢሕአዴግ በያዛቸው የሰሜን ወሎ ቀበሌዎች መሬት እንደገና ተደለደለ። አባቴ 3 ጥማድ ደረሰው። 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ስለሆነ የእሱ ድርሻ አንድ ሄክታር እንኳ አልሞላም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ኋላም የይዞታ ደብተር ተሰጠው፤ አባቴ ያችን ደብተር እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጣት። እኛ ግን አምስት ልጆች ነን። 3 ጥማድ ለአምስት ስንት ስንት ይደርሳል? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት መጣና ገበሬው በነፍስ ወከፍ በወር አምስት ቀን እርከን እየሠራ እህል ወይም ብር ይቀበል ጀመር። አባቴም ከተመዝጋቢዎቹ አንዱ ሆነ። ርስተኛ የነበረው ሰውዬ ልጅ ስንዴ ለመቀበል ተሰለፈ ማለት ነው።

አሁን ትንሽ ራቅ ልበልባችሁ። እንግሊዞች እኛን ሁለት ጊዜ በቴሌቪዥን አይተውናል። አንደኛው በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ባሳየው ፊልም ነው። ያንኑ ፊልም ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በእንቁጣጣሽ፣ ለእኛው አሳየንና በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። ሁለተኛው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በየቤታቸው ገባ። እኛ ግን የእነሱን ቤት አላየንም።

ያን ምሽት የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ሥራ ካቆሙ ሰባት ወር አልፏቸዋል። ጠባቸው ከወይዘሮ ታቸር መንግሥት ጋር ነው። መንግሥት ጉድጓዶቹን እዘጋለሁ ይላል፤ እነሱ እንጀራችን ነው ይላሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ታግለው በ1985 እ.ኤ.አ. ተሸንፈው ገቡ። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በአያቶቻቸው ዘመን፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከሰል ይቆፍር ነበር። የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ በ2015 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የቆፋሪው የልጅ ልጅ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያሽጋል፣ ወይም አረጋውያን ይጦራል። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በመንግሥት ቤት ለሚኖረው ተከራይ ቤቱን በርካሽ እንዲገዛ ፈቀደለት። አባት ገዛ፤ ዛሬ ልጅየው የቤት ዋጋ ሰማይ ደርሶበት በኪራይ ይንገላታል። ልጅ ከአባቱ ያነሰ የሚያገኝበት ዘመን እዚያም አለ። ስለዚህ እንግሊዝ ገነት ናት እያልኩ አይደለም።

ታዲያ ልዩነታችን ምን ላይ ነው? እነሱ ዘንድ መሬቱ ሳይበቃ ሲቀር ከተማ ላይ ፋብሪካ ነበረ። ኑሮው መራራ ቢሆንም ገበሬው ገባበት። በ1851 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ከሕዝባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከተሜ ሆኖ ተገኘ። የተረፈውም በመርከብ ወደ አሜሪካና አውስትራሊያ ተሰደደ። አዎን፣ የእነሱም ልጆች ተሰደዋል! ኋላ ጉድጓዱ ሲዘጋ ደግሞ፣ ብትንሽም፣ ሥራ አጡ ከመንግሥት የሚቆረጥለት ነበረው። እነሱ ዘንድ በየትውልዱ ሥራው ይለዋወጣል። እኛ ዘንድ ሦስት መንግሥት ሲለዋወጥ የተለወጠው “መሬቱ የማን ነው?” የሚለው መልስ ብቻ ነው። ሞፈሩ ያው ነው፣ በሬው ያው ነው፣ ማሳው ብቻ ጠበበ። “አምስተኛው ልጅ ምን ሠርቶ ይብላ?” ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን እስቲ አንድ ጥሩልኝ።

“ላሊበላ አለ አይደል?” ትሉኝ ይሆናል። አለ! ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ በቅሎ አከራዩ፣ መስቀል ቀራጩ ከእሱ ይበላ ነበር። ወንድሜም እዚያ በአንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣና እንግዳው ቀረ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ሕወሓት ከተማዋን ያዘ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ከረመች። ትንሽ ቀና አለች ሲባል በጥቅምት 2016 መከላከያና ፋኖ እዚያው ተታኮሱ። ሆቴሉ በሩን ዘጋ። ወንድሜ ወደ አባቴ 3 ጥማድ ተመለሰ፤ እዚያ ደግሞ ቦታ የለም።

ወገኖቼ! መሬት ይሸጥ ብትሉኝ፣ በክፉ ቀን ሻጩ አባቴ፣ ገዢው ደግሞ ባለገንዘብ እንደሚሆን አውቃለሁ። አይሸጥ ብትሉኝ ደግሞ ወንድሜ ባልደረሰው መሬት ሲጠበቅ ሊያረጅ ነው። ክርክሩ ይቀጥል፤ ግን እየተከራከርን ልጁን ባሕር አንብላው። ከመንግሥትም፣ ጠመንጃ ካነገቡት ሁሉም የምጠይቀው አንድ ነው። ላስታን ለቀቅ አድርጓት! መንገዱ ይከፈት፣ እንግዳው ይምጣ፣ ልጁ ሙያ ይማር። “ሥራ ፈጣሪ ሁኑ” እያሉ በየአዳራሹ አበል መብላት ሥራ አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባርራለች። ቦሌ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ፤ ባዶ እግሩን የነበረ አለ። ስለዚህ ለወንድሜ ብሩን አልልክለትም። በምትኩ ኪራይ ቤቴ ጠባብ ቢሆንም እኔ ዘንድ ያድራል። ብየዳ ቤት ያላቸው አንድ አባት እዚህ ተቀምጠዋል፤ “አምጣውና እጁን ያፍታታ” ብለውኛል። እሺ ይለኝ ይሆን? እንጃ። “አንተ ዲፕሎማ ይዘህ፣ በጻፍከው ልክ እየተከፈለህ፣ ምን አተረፍክና ነው?” ቢለኝ አፌን ይዤ ነው የምቀረው።

የእኔ ወንድም አንድ ነው። በኩልመስክ ግን ዛሬ ማታ ደላላ ጋ የሚደውለው እሱ ብቻ አይደለም። ጋራዥ ያላችሁ፣ እንጨት ቤት ያላችሁ፣ ልብስ ስፌት ያላችሁ አንድ አንድ ልጅ ማስጠጋት አያቅታችሁም። እጅ አውጡ ብዬ አላሳፍራችሁም። በሩ አጠገብ ደብተር ይዞ የተቀመጠ ወጣት አለ፤ ስትወጡ ስማችሁን አስመዝግቡ። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቼዋለሁ።