መዝገብ ላይ ሙያው ያልተገኘለት ሰው

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «አስር ደቂቃ፣ ከሙያህ ውጪ የሆነ ነገር» ስላሉኝ ዛሬ ስለ ሲሚንቶ አላወራም። የማወራላችሁ ስለ አንድ ፒያኖ ተጫዋች ነው። ከዚህ ተመርቄ ለሁለተኛ ዲግሪ ሌኒንግራድ፣ ማለትም የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ በሄድኩ ጊዜ፣ በስሙ በተሰየመው መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! ስሙን አነባለሁ እንጂ ሰውየውን አላውቀውም ነበር። አንቶን ሩቢንስታይን ይባላል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1829 በሩሲያ ግዛት፣ በፖዶሊያ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። በዚያ ዘመን ሕጉ በአይሁዶች ላይ የከበደ ነበርና፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በአያቱ ውሳኔ ቤተሰቡ በሙሉ ተጠመቀ። ፒያኖ ያስጀመረችው እናቱ ናት። በ9 ዓመቱ ሞስኮ ላይ በሕዝብ ፊት ተጫወተ፤ ከዚያም መምህሩ ፓሪስ ወስዶት እነ ሾፓንና ሊስት ሰሙት።

አባቱ ሲሞት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ገና በጉርምስናው ቪየና ላይ ብቻውን ቀረ፤ በርካሽ እያስተማረ፣ አንዳንዴም ጦሙን እያደረ ኖረ። ሊስትን እርዳታ ቢጠይቀው፣ ተሰጥኦ ያለው ሰው በራሱ ጥረት መውጣት አለበት የሚል መልስ ሰጠው።

ወደ ሩሲያ ከተመለሰ በኋላ የገጠመውን እሱ ራሱ ተርኮታል። ፒተርስበርግ በካዛን ካቴድራል ንስሐ ከገባ በኋላ ስሙን ሊያስመዘግብ ቀረበ። ዲያቆኑ ስሙንና ሙያውን ጠየቀው። ሙዚቀኛ ነኝ አለ። ቲያትር ቤት ተቀጥረሃል? አልተቀጠርኩም። የሆነ ተቋም ውስጥ ታስተምራለህ? አላስተምርም። የመንግሥት ሠራተኛ ነህ? አይደለሁም። ዲያቆኑ ግራ ገባው። በመጨረሻ «አባትህስ ምን ነበር?» ሲለው፣ ነጋዴ ነበር አለ። ዲያቆኑ እፎይ ብሎ «የነጋዴ ልጅ» ብሎ ጻፈው። እንግዲህ አስቡት፤ አውሮፓ ያጨበጨበለት ሰው በገዛ አገሩ መዝገብ ላይ ለሙያው የሚሆን ቃል አልተገኘም!

ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ ይተወው ነበር። እሱ ግን መዝገቡን ለመለወጥ ተነሣ። በልዕልት ኤሌና ፓቭሎቭና ድጋፍ በ1859 የሩሲያ የሙዚቃ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1862 ደግሞ የፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ ተከፈተ፣ ዳይሬክተሩም እሱ ሆነ። ከዚያ የሚመረቅ ሰው «ነፃ አርቲስት» የሚል ማዕረግ በሕግ ያገኛል። ማዕረጉ ጌጥ እንዳይመስላችሁ! ከነፍስ ወከፍ ግብርና ከወታደርነት ምልመላ ነፃ ያወጣል፤ ለአይሁድ ተመራቂ ደግሞ በዋና ከተማው የመኖር መብት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሥራውን ትቶ የመጣ የፍትሕ ሚኒስቴር ጸሐፊ ነበር፤ ስሙ ቻይኮቭስኪ።

ሁሉም አልወደደለትም። እነ ባላኪሬቭ «የሩሲያን ሙዚቃ ጀርመን ሊያደርገው ነው» በሚል ተቃወሙት። በኦፔራም ቢሆን ዕድሉ ድብልቅ ነው። ከአሥር በላይ ኦፔራ ጽፏል፤ በ1875 ማሪንስኪ ቲያትር የታየው «ጋኔኑ» ተወዳጅ ሆነ፣ ሌሎቹ ግን ዛሬ ብዙም አይሰሙም። ፒያኖው ላይ ግን ከሊስት ጋር የሚወዳደር ነበር። በ1872 እና 1873 አሜሪካ ሄዶ በስምንት ወር ገደማ 215 ኮንሰርት ተጫወተ፤ እንደ ማሽን ሆኛለሁ ብሎ አማረረ። በ1885 የጀመራቸውን ሰባት ተከታታይ የታሪካዊ ሙዚቃ ምሽቶች ግን፣ በፒተርስበርግና በሞስኮ እያንዳንዱን በማግስቱ ለተማሪዎች በነፃ ይደግምላቸው ነበር።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። በ1867 የለቀቀውን ዳይሬክተርነት በ1887 ተመልሶ ያዘ። ከዚያ መንግሥት የተማሪ ቅበላውና ሽልማቱ በችሎታ ሳይሆን በብሔር ኮታ ይሁን አለ። የታሰበው አይሁዶችን ለመቀነስ ነው። ሩቢንስታይን አልተከራከረም አይባልም፤ ሲያቅተው ግን በ1891 ሥራውን ትቶ ድሬስደን ሄደ። በራሱ እጅ የከፈተውን በር ሌላ ሰው ሲያጠበው በሩ ላይ ቆሞ ማየት አልፈለገም። በ1894 ፒተርሆፍ ላይ አረፈ።

ወገኖቼ፣ ከምሳ በኋላ ማኅበራችን ስለሚሰጠው የነፃ ትምህርት ድጋፍ መስፈርት እንወያያለን። የቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ለአባላት ልጆችና የልጅ ልጆች ቅድሚያ ይሰጥ የሚል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። የልጅ ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ታመለክታለች። ደግሞም ገንዘቡን ያዋጣነው እኛው ነን፤ ምን ነውር አለው?

የኛ ጉዳይ ከዚያ ዘመን ግፍ ጋር እኩል ነው አልልም። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። እኛን እዚህ ግቢ ስንገባ «አባትህ ማን ነው?» ያለን የለም። መዝጋቢው የጠየቀን ውጤታችንን ብቻ ነበር። የኔ አባት ፊርማው የጣት አሻራ ነበር። ያኔ ቅድሚያው ለተማሪ ልጆች ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራላችሁ እኔ አይደለሁም፤ ከናንተም ብዙ ወንበር ባዶ ይሆን ነበር።

ውሳኔው የጉባኤው ነው። እኔ የምሰጠው ድምፅ ግን ቅጹ ላይ የአባትን ሙያ የሚጠይቀው መስመር እንዲወጣ ነው። የልጅ ልጄም ትወዳደር፤ ካለፈች እሰየው፣ ካላለፈች አያቷ ይከፍልላታል።

የፒተርስበርጉ ኮንሰርቫቶሪ ዛሬ የሚጠራው በሩቢንስታይን ስም አይደለም። ከባላኪሬቭ ወገን በነበረው፣ በኋላ ግን እዚያው ፕሮፌሰር በሆነው በሪምስኪ ኮርሳኮቭ ስም ነው። በሩ ለተቃዋሚውም ክፍት ነበር ማለት ነው።