ከመፈረማችን በፊት ስልካችንን እንሰካ



እዚህ አሜሪካ ያገለገለ መኪና ስንገዛ ሻጩ የስክሪኑን ትልቅነት ያሳየናል። እኛ ግን «የእኔን ስልክ ይቀበላል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ካርፕሌይ ለአይፎን ነው፤ አንድሮይድ አውቶ ደግሞ እንደ ሳምሰንግ ላሉት ስልኮች። ሁለቱም የስልካችንን ካርታ ወደ መኪናው ስክሪን ያመጣሉ፤ እየነዳን አንገታችንን ደፍተን ስልክ ከማየት ያድኑናል። ብዙ መኪኖች ሁለቱንም ይይዛሉ። ብሉቱዝ ብቻ ያለው ግን ጥሪና ሙዚቃ እንጂ ካርታ አያወጣም። አዲስነትም ዋስትና አይደለም፤ የ2024ቱ ሼቭሮሌት ብሌዘር የኤሌክትሪክ መኪና ሁለቱም የሉትም።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት የራሳችንን ስልክና ገመድ ይዘን ሄደን እንሞክር። ካርታው ካልወጣ ወይ ዋጋ እናስቀንስ፣ ወይ ሌላ መኪና እንፈልግ። ሞክረን ስንጨርስም የዘመድ ወዳጅ ቁጥር እዚያ እንዳይቀር የስልካችንን ስም ከመኪናው ላይ እናጥፋ።